የንብ ጭስ

እሳቱ ሲመጣ ማንም አልመጣም። ከሄደ በኋላ ግን ያልመጣ አልነበረም። ደማቅ ሰደርያ የለበሱ መጡ። ካሜራ ያንጠለጠሉ መጡ። የከሰለ ግንድ አጠገብ ፊታቸውን አጨፍግገው ፎቶ ሊነሡ የመጡም ነበሩ። ለልጆች ፊኛ ያደሉ ሄዱና በመጨረሻ ስለ ስሜት የሚጠይቁት መጡ።

የንብ አናቢው ልጅ ሁሉንም ሳታበላልጥ ትንቃቸው ነበር። መንደሩ ተርብ ብሎ ያወጣላት ስም እንዲያው የተለጠፈባት አይደለም፤ ምላሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ተናዳፊ ነው። ሰደድ እሳቱ ጥዱን ሁሉ ጠርጎ፣ ከላይ ሰፈር ያሉትን ቤቶች በልቶ ከወረደ ወዲህ ደግሞ ያ ምላስ አንድም ቀን አላረፈም። ሲያዝኑላት ትንቃለች፣ ሲረሷትም ትንቃለች።

ዛሬ ግን እሷም አዳራሹ ውስጥ፣ በክብ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ "አንቺ አጠገቤ ከሆንሽ እሄዳለሁ" ስላላት ነው።

ግድግዳው ላይ አንድ ሰው ደረጃ ሲወጣ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ የአንድ ስሜት ስም ተጽፏል፤ ከላይኛው ደረጃ በላይ ፀሐይ አለች። ሰውየው ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ፈገግ እንዳለ ነው።

"የዚህ ቤት አልተቃጠለም" አለች አክስቷ ሥዕሉን በአገጯ እያሳየች። "ባለፈው ቀለም ሰጥተው 'የሚያረጋጋዎትን ቦታ ይሳሉ' አሉኝ። አልጋዬን ሣልኩ። 'ታዲያ አልጋው የት ነው ያለው?' አሉኝ። 'ተቃጥሏል' አልኳቸው። ቀለሙን መልሰው ወሰዱ።"

"አክስቴ፣ አባዬ ይሰማሻል።"

"ይስማኝ፤ ምናልባት ይስቃል።"

አባቷ አልሳቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሩን እያየ ነበር። ከእሳቱ በፊት ይህ ሰው ያለ ጓንት ቀፎ ከፍቶ፣ ንቦቹ ክንዱ ላይ እየሄዱ ወሬውን የሚቀጥል ነበር። አሁን ቤታቸው ውስጥ ክብሪት አይጫርም። የሚበሉት ቀዝቃዛ፣ የሚጠጡት ቀዝቃዛ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ምድጃዋን ስትለኩስ ባልዲ ይዞ በበሯ ገብቶ ድስቷን ከነእሳቱ አጥፍቶባታል። ሴትየዋ ግን ባልዲውን ሞልታ መልሳ ሰጠችው። እሱም ይዞት ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ ነው።

ንብ ደግሞ ያለ ጭስ አይነካም። ስለዚህ የተረፉትን ቀፎዎች ተርብ ከዳገቱ ማዶ አሻግራ ትሠራባቸዋለች፤ ስትጨርስ ልብሷን ትቀይራለች፣ ፀጉሯን ጅረት ውስጥ ትነክራለች፣ እንደ ሌባ ዞራ ትገባለች።

በሩ ተከፈተና አማካሪው ገባ። ሰዎቹ ዶክተር ይሉታል። "ዶክተር አይደለሁም" ይላቸዋል። "እሺ ዶክተር" ይሉታል። ሩቅ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ የሚቀመጥበትን ወንበር ሁልጊዜ በዓይኑ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ተርብ ከሁሉ በፊት የደረሳት ሽታው ነበር።

ጃኬቱ ጭስ ጭስ ይላል። ትናንት ቀፎዎቹ ዘንድ ሆነው ትከሻዋ ላይ የጣለላት ጃኬት ነው። እሳት የበላውን ሰው ሊያናግር የሚመጣ ሰው እንዲህ ለብሶ ይመጣል? ስንት ዓመት ተምሮ ልብስ መቀየር አልነገሩትም? የአባቷ አፍንጫ ሲንቀሳቀስ አየች። እጆቹ የወንበሩን ጠርዝ ጨመቁ፣ ወገቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ አማካሪውን ረዘም አድርጎ አየው፤ አየውና ተቀመጠ።

ለምን እንደተቀመጠ አልገባትም። ለማሰብም ጊዜ አላገኘችም፤ አማካሪው ፊቷ ቆሞ ነበር። ትናንት ጣቷ ላይ የተሰካውን መንደፊያ በጥፍሩ ያወጣላት ሰው፣ ያወጣበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ የሳመው ሰው፣ ዓይኑን ከጫማዋ ሳያነሳ "እንኳን ደህና መጡ" አላት።

አክስቷንም እንደዚያው ብሎ አልፎ ሄደ።

ተርብ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። ሰው ፊት በጥፊ ብትመታ ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ጥፊ ቢያንስ የሚያውቁት ሰው ነው የሚያቀምሰው።

*

ከዚያ ቀን ወዲህ አማካሪው ዳገቱን አልወጣም። አባቷ ግን በየከሰዓቱ ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ወደ አዳራሹ መውረድ ጀመረ። የት እንደሚሄድ አይናገርም፤ ሲመለስም አይናገርም።

እሷ ቀፎዎቹ ዘንድ ብቻዋን ሆና አማካሪው መጀመሪያ የመጣበትን ቀን ታስታውሳለች። ላብ አጥምቆት ወጥቶ "እሳቱን ስታዪ ምን ተሰማሽ?" ብሎ ጠይቋት ነበር። መልስ ሳትሰጠው ማጨሻውን፣ ወናፍ ያለውን ያን ቆርቆሮ፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የጭሱን መውጫ ወደ ራሱ አዙሮ ወናፉን ጫነው። ሲያስል፣ እንባው ሲወርድ ጠብቃ "አሁን አንተ ምን ተሰማህ?" አለችው። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትቶ መናገር ጀመረ። "የተማርኩት ነገር እዚህ ይሥራ አይሥራ አላውቅም" አላት አንድ ቀን። "አንዳንዴ ሰው ቤት ገብቼ ዕቃ ከቦታው የማነሳ ይመስለኛል።" ከመጡት ሁሉ ራሱን የሚጠራጠር እሱ ብቻ ነበር። የወደደችውም በዚህ ነው። ተርብ የወደደችው ሰው ደግሞ ከናቀችው ሰው ዕጥፍ ያናድዳታል።

ስለዚህ አንድ ቀን ሰዎቹ ሲበተኑ ጠብቃ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት ገባችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ክፍሉ በብርድ ልብስ ካርቶንና ባልተነፉ ፊኛዎች ተሞልቷል። እሱ ወንበር እየደራረበ ነበር።

"ወንበር መደርደርም እዚያ ነው ያስተማሩህ?"

"እንደምን ዋሉ?"

"ዋሉ?" አለች። "ዳገት ላይ ተንበርክከህ የጫማዬን ክር ያሰርክልኝ ሰውዬ፣ ዋሉ ትለኛለህ?"

ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "በሩን ክፈችው። ሰው ያያል።"

"ይይ። ምን ሊያይ? የተማረ ሰው ሰም ሰም ከምትሸት ሴት ጋር? እናትህ ጆሮ ደረሰ መሰለኝ። ወይስ ያቺ ተቆጣጣሪህ ናት፣ መኪናዋን አቧራ እንዳይነካት በየሄደችበት የምታስወለውላት? እሷ ናት አትመጥንህም ያለችህ?"

"ማንም ምንም አላለኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"አባትሽ መጥተው ተቀመጡ።"

እሱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ቀጠለ። "የምረዳውን ሰው ልጅ መውደድ አይፈቀድልኝም። ደንብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የእሳቸውን ገመና በአንድ እጄ ይዤ በሌላው የአንቺን እጅ ብይዝ፣ ስለ አንቺ ሲነግሩኝ እውነቱን አልሰማም። አንቺን እንዳላስከፋ ብዬ ለእሳቸው የማልለው ይኖራል። መጨረሻ ላይ ለሁለታችሁም የማልረባ እሆናለሁ።"

"ይህን ያን ቀን መንገር ያቅታል?"

"ፈራሁ።"

"የተማረ ፈሪ" አለች። "ለፍርሃት ይህን ያህል መንገድ መሄድ አልነበረብህም። እዚሁ በነፃ ሞልቶልን ነበር።"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ ነሽ አትበለኝ። ያናድደኛል።"

"አውቃለሁ እንደሚያናድድሽ።"

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሳቁን ያጠፋችው እሷ ናት። "አባዬ ምን ምን ይልሃል?"

"አልነግርሽም።"

"አባቴ እኮ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ። አልነግርሽም።"

"ቀዝቃዛ እህል እያኘክሁ አብሬው የከረምኩት እኔ ነኝ። ሲባንን እጁን የምይዘው እኔ ነኝ። ለእኔ አንዲት ቃል አልወጣውም። አንተን አሁን አወቀህ፣ ማጨሻ መያዝ የማትችል ሰውዬ፣ ለአንተ ያወራል?"

"ለዚያ ይሆናላ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ አብረሽ ነው የተቃጠልሽው። እኔ ዘንድ ሲመጡ የሚያሳዝኑት ሰው የለም።"

ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ ቢያነበው ሳቅ ብላ ታልፈው ነበር። ከመጽሐፍ አለመሆኑን ድምፁ ነገራት።

"ሌላም ልነግርሽ የምችለው ነገር አለ" አለ። "ሰኞ ሌላ አማካሪ ይመጣል። ሴት ናት፣ ጎበዝ ናት። ተቆጣጣሪዬን የጠየቅኳት እኔ ነኝ። አባትሽን ለእሷ አስረክቤ ከዚህ መንደር ሥራ እወጣለሁ። ታች ከተማው ውስጥ ቦታ ይሰጡኛል። ያኔ ዳገቱን እንደ ልቤ ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም። ሞከርኩ፣ ያላንቺ አልሆነልኝም። ነገ ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ።"

ስንት ጊዜ ቀፎ ላይ ጎንበስ ብላ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። መጣ። ደስታው ግን አልመጣም። እሷን መረጠ፤ የመረጣት አባቷን አስቀምጦ ነው። ይህንም ያደረገው ሳይጠይቃት፣ ለእሷ ስጦታ ይመስል ጠቅልሎ ነው።

"አባቴን ልታስረክብ ነው" አለች። "እንደ ዕቃ።"

በሩን ከፍታ ወጣች። የምትንቀው እሱን ይሁን ደስ ሊላት የነበረውን ልቧን ሳታውቅ ሄደች።

*

አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ባልዲው ከጎኑ ነው። ቤቱ በቀንም ይበርዳል፤ ለረጅም ጊዜ እሳት ያላየ ግድግዳ የራሱ የሆነ ብርድ አለው።

"ያ ልጅ ነገ ይኖራል አይደል?" አላት።

"የቱ ልጅ?"

"ዶክተሩ።"

"ዶክተር አይደለም።"

"እሱም እንደዚህ ነው የሚለው።"

ዳቦውን ቆረሰችለት። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ አንስታ፣ እንደገና አስቀመጠችው። "ሌላ ቢመጣስ አባዬ? ሰኞ ሴት ትመጣለች አሉ። ጎበዝ ናት አሉ።"

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀላት ነበር። እጁ ወርዶ የባልዲውን ጠርዝ ያዘ። ውሃውን ሳይሆን መስኮቱን እያየ፣ "ለእሷም ከመጀመሪያው ልጀምርላት?" አለ።

ይህን ሲል ያረጀውን ያህል አርጅቶ አይታው አታውቅም ነበር።

በራሱ ጊዜ ቀጠለ። "የመጀመሪያው ቀን እኮ ልሮጥ ነበር። ጃኬቱ ጭስ ጭስ ይል ነበር። እግሬ ተነሥቷል። ኋላ ደህና አድርጌ ሳሸተው የንብ ጭስ ነው። ደረቅ እበትና የጥድ ቅርፊት፣ ትንሽ የተበጣጠሰ ጆንያ። አያትሽ የሚቀላቅለው ነው፤ ከእኛ ቤት በቀር እንደዚያ የሚቀላቅል የለም። የእኛ ጭስ ነው አልኩ። ከዚያ ጭስ አልሸሽም ብዬ ተቀመጥኩ።"

ተርብ ሳታስበው እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ።

"ብትታጠቢም ባትታጠቢም ያው ነው" አለ ሳያያት። "የንብ ጭስ በጅረት ውሃ አይለቅም።"

"ታውቅ ነበር?"

"ስትገቢ ትሸቺኛለሽ። ንቦቹ ደህና ዋሉ ማለት ነው ብዬ እተነፍስ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?"

ፊቷ ጋለ፤ እሳት በሌለበት ቤት ውስጥ ፊቷ ብቻ ጋለ። "እሱ ንቦቹን... ሊያይ ነበር የሚመጣው።"

"አዎ፣ ንቦቹን። ማጨሻ የማያውቅ ሰው ነው ያን ያህል የሚሸተው።" ከንፈሩ በአንድ በኩል ከፍ አለ። ከእሳቱ ወዲህ እዚያ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። "አልከፋኝም ልጄ። ጥሩ ሰው ነው። ስናገር አይቸኩልም። ገና ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ነኝ። ነገ ልገባ ነው።"

ዳቦውን ነክሶ ማኘክ ጀመረ። እሷ ለአባቷ ብላ የመረቀቻት፣ ለራሷ ብላ የረገመቻት ያቺ ግማሽ ፈገግታ እዚያው ቀርታ ነበር። ምነው ባላየኋት አለች በሆዷ፤ አይታታለች።

*

በማግሥቱ አዳራሹ በር ላይ የተቆጣጣሪዋ መኪና ቆሟል። ተቆጣጣሪዋ ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ከአማካሪው ጋር ታወራለች። ተርብን ስታይ ድምፅዋን አለሳለሰች፤ ሕፃን ወይም በሽተኛ ሲያናግሩ እንደሚደረገው።

"እህቴ፣ ይህ ጊዜ ለእናንተ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንረዳለን።"

"መረዳትሽን ለራስሽ ያዢው" አለች ተርብ። "እሱን ነው የምፈልገው። ሰው እያየን፣ እዚሁ በር ላይ ነው የማናግረው፤ ደንባችሁ አይከፋም።"

ተቆጣጣሪዋ አማካሪውን አየችው፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዳ መስተዋቱን ማየት ጀመረች።

"ሌላ አማካሪ ይምጣ ያልከውን ሰርዝ" አለችው ተርብ። "አባዬን ለማንም አታስረክብም።"

ፊቱ ተለወጠ። "አስበሽበታል?"

"አንተ ሳታማክረኝ ስታስብ ነበር፤ ተራው የእኔ ነው። ዛሬ የሚነግርህ ነገር አለው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንድትነግረኝም አልፈልግም። ብቻ ሌላ ሴት ፊት ከመጀመሪያው አይጀምርም።"

"አንቺስ?"

"እኔ ምን ሆኛለሁ? ጤነኛ ነኝ።"

"የእሳቸው ነገር ቢያልቅም እኮ ወዲያው አይደለም። ከዚያም በኋላ ረጅም ጊዜ አይፈቀድም። ዓመታት ሊሆን ይችላል።"

"ይህን ደንብ የጻፈው ሚስት ያጣ ሰው መሆን አለበት።"

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኑን ወደ ከሰለው ጋራ አዞረ። እሷ አንገቱን አየችው፤ ኮሌታው የተዛነፈውን፣ ልታስተካክለው እጇን የሚበላትን። በዚህች ቅጽበት እንዲከራከራት ፈለገች። እምቢ እንዲላት፣ ባለጌ እንዲሆን፣ እጇን ይዞ ተቆጣጣሪዋ ፊት እንዲያዋርዳት። የጠየቀችው ግን ተቃራኒውን ነው።

"ጠብቂኝ ልበልሽ?" አለ።

"እንዳትለኝ።" ድምፅዋ ሊከዳት ሲል ጥርሷን ነከሰች። "ካልከኝ እጠብቅሃለሁ።"

አፉን ከፈተ። ተርብ ቃሉን ከንፈሩ ላይ አየችው፤ መጥቶ ነበር። ከዚያ አማካሪው አፉን ዘጋው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ኮሌታውን ራሱ አስተካከለ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ራቀ። ሲናገር ድምፁ ለመንደሩ ሁሉ የሚሰጠው ደግ ድምፅ ነበር።

"አባትዎን ከሰዓት እጠብቃቸዋለሁ" አላት።

ታዘዛት። በአንድ ቃል ታዘዛት። በመታዘዙ ናቀችው፤ ባይታዘዝ ግን ከዚያ የባሰ እንደምትንቀው ታውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ማንንም እንዲህ ወዳ አታውቅም ነበር።

ከሰዓት አባቷ ካፖርቱን ቆልፎ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "አትገቢም?" አላት።

"አልገባም። ግባ አንተ።"

ገባ። የአዳራሹ በር ከእሳቱ ወዲህ ተንጋዶ ስለማይገጥም ከኋላው ገርበብ ብሎ ቀረ። ተርብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ወንበር ሲጎተት ሰማች። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማችም። ከዚያ የአባቷ ድምፅ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተሰናከለ፣ ግን ሳይቆም። የምታውቀው ድምፅ ነው። በልጅነቷ ስለ ንቦቹ ሲያወራላት የሰማችው ድምፅ ነው፤ ሞቷል ብላ አልቅሳለት የነበረ።

አማካሪው ምንም አይልም። እንዴት እንደተቀመጠ ሳታይ ታየዋለች፤ ክርኖቹ ጉልበቱ ላይ፣ ፊቱ ወደሚናገረው ሰው። ቀናች። እዚያ ፊት ትይዩ ባለው ወንበር ቀናች። በገዛ አባቷ መቅናቷ አሳፈራት፤ ማፈሯም ቅናቱን አላስታገሠላትም።

አንድ ቃል በክፍተቱ ሾልኮ ደረሳት። "ስትጮህ" ይል ነበር አባቷ፣ "ሰምቻት ነበር..."

ስለ ማን እንደሚናገር ማወቅ ፈለገች። መላ ሰውነቷ ወደ በሩ አዘነበለ። ጆሮዋን ብታስጠጋ ሁሉንም ትሰማለች፤ የሚከለክላት የለም፤ ደንብ የእሷ አይደለም።

ተነሥታ ገጥሞ እንዲዘጋ በሩን ገፋችው። እጇን ስታነሣ ተመልሶ ገርበብ አለ። እንደገና ገፋችው። ከዚያ ዞራ መሬት ላይ ተቀመጠችና በሩ እንዳይከፈት ጀርባዋን አጥብቃ አስደገፈችው። እንጨቱን አልፎ የሚደርሳት አሁን ቃል አልነበረም፤ የአባቷ ድምፅ ንዝረት ብቻ ነበር። አከርካሪዋ ላይ ይሰማታል። እንባዋን ሳትጠርግ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ እንዲቀጥል ፈቀደችለት።